አሥር ቀን ፋታ

ይህን ታሪክ ለባለቤቴ እንኳ ሙሉውን ነግሬያት አላውቅም። መኪና መገልበጡን፣ ሰው መሞቱን ታውቃለች። የቀረውን ዛሬ ለእናንተ፣ ለማላውቃችሁ ሰዎች፣ ልናገር ነው። ፊቱን ለማያዩት ሰው መናዘዝ ይቀል እንደሆነ እናያለን።

ዘመኑ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ የነበሩበት የመጨረሻው ጊዜ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ቴክኒክ ተምሬ እንደ ጨረስሁ ደብረ ማርቆስ፣ ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ጋራዥ ተመደብሁ። መካኒክ ግን አልነበርሁም። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ እርሳስ ከጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ የጥገና ቀጠሮ እይዝ ነበር። መኪና ከተበላሸ በኋላ ማደስ የመካኒኮቹ ሥራ ነው፤ ሳይበላሽ በፊት በየጊዜው ገብቶ እንዲታይ ቀን መቁረጥ የእኔ። ከቢሮዬ ግድግዳ ላይ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። የእያንዳንዱ መኪና ቁጥር፣ መጨረሻ የታየበት ቀን፣ ቀጥሎ የሚታይበት ቀን በጠመኔ ተጽፎበታል። ያን ሰሌዳ እወደው ነበር። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቆሜ ሳየው ካምፑን በሙሉ በመዳፌ የያዝሁት ይመስለኝ ነበር።

ደንቡን ያወጣው ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ነው። የገልባጭ መኪና ፍሬን በየስልሳ ቀኑ ይፈታና ይታያል። ከስልሳው ቀን ሦስት ቀን ቢቀድም ወይም ሦስት ቀን ቢዘገይ ግድ የለም፤ መኪናው ሩቅ ሊውል ይችላል፣ ዝናብ ሊዘጋው ይችላል፣ በዓል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን ዘገየ ይባላል፤ በቀይ ቀለም ተጽፎ በወሩ መጨረሻ አዲስ አበባ ይላካል። እኛ ያን ሦስት ቀን «ፋታ» እንለው ነበር።

ፈረንጁ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ቀዩ ቀለም በዛ። መካኒኮቹ ጥቂት፣ መኪናው ብዙ፣ መንገዱ ገደል። የጋራዡ ኃላፊ አቶ ግርማ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ የወቀሳ ደብዳቤ ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የደከማቸው ሰው ነበሩ።

«ደሳለኝ፣ ይህን ሦስት ቀን ማን ነው ያመጣው?» አሉኝ።

«ፈረንጁ ነው፣ ጌታዬ።»

«ፈረንጁማ ሄደ። አንተ የተማርህ ልጅ ነህ፤ ለአገራችን የሚሆነውን ቀን አንተ ቁረጥ። ብቻ ይህን ቀይ ቀለም ዳግመኛ እንዳላየው።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ከሁሉ በፊት ያጠፋሁት እዚህ ነው። ከጋራዡ ጀርባ ባለ በርሜል ውስጥ ከየመኪናው የወለቀ ያረጀ የፍሬን ሸራ፣ ማለትም እየታሸ ጎማውን የሚያቆመው ንጣፍ፣ ተከምሮ ነበር። ሸራው በስልሳ ቀን ምን ያህል እንደሚሳሳ፣ በሰባ ቀን ምን ያህል እንደሚቀረው አንድ በአንድ መለካት እችል ነበር። የተማርሁትም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ከወንበሬ ሳልነሣ መዝገቡን ገለጥሁ፤ ከሁሉ አብልጦ የዘገየው መኪና ስንት ቀን እንደ ዘገየ አየሁ። ዘጠኝ ቀን። ስለዚህ አሥር ብዬ ጻፍሁ። አሥር ከሆነ ማንም አይዘገይም። በዚያ ላይ የሚቀጥለው ቀጠሮ ከተባለው ቀን ሳይሆን መኪናው በትክክል ከታየበት ቀን እንዲቆጠር አደረግሁ፤ ለመቁጠር ይቀላል ብዬ።

አዲሱን ደንብ ስለጥፍ ዋናው መካኒክ መጥቶ አነበበው። መሪጌታ ነበር የምንለው፤ የዜማ ትምህርቱን ጥሎ ነው ወደ መፍቻ የዞረው። ነገሩን ሁሉ በቅኔ ይጀምራል።

«አሥር ቀን?» አለኝ።

«አሥር ቀን።»

«ተጠንቀቅ ወንድሜ፤ ፋታ ሲበዛ ፍታት ይሆናል።»

ሳቅሁ። የመቃብር ጸሎት ጠርቶ ሊያስፈራራኝ የፈለገ ነው የመሰለኝ።

በወሩ ቀይ ቀለም ጠፋ። አቶ ግርማ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሰው ግን ፋታ ስትሰጠው ፋታውን የራሱ ያደርገዋል። ቀድሞ በስልሳ ቀን ይገባ የነበረ መኪና አሁን በስልሳ ዘጠኝ፣ በሰባ ቀኑ ይገባ ጀመር። ስልሳን ረሳነው። በዓመት ስድስት ጊዜ ይታይ የነበረ ፍሬን አምስት ጊዜ ሊሆን ነው ማለት ነው። ይህን ስሌት ያኔ አልሠራሁትም። የሠራሁት ኋላ ነው፤ ስሌቱ የማንንም እግር በማይመልስበት ጊዜ።

አሁን ወደ ጋሽ የሱፍ ልምጣ። ጋሽ የሱፍ የሰባት ቁጥር ገልባጭ ሹፌር ነበሩ፤ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው። ቤተ ሰቦቻቸው አማኑኤል ከተማ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሳቸው ግን በልጅነታቸው ከሱቁ መሪውን መርጠው ወጡ። ቁርአን ስለ ተማሩ የአረብኛውን ፊደል ያነባሉ፤ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ግን አይችሉም። ስለዚህ መኪናቸው ሲታመም ቢሮዬ መጥተው ይነግሩኛል፣ እኔ የብልሽት ካርድ እሞላላቸዋለሁ፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክተው ያትማሉ። የካርዱ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ካርድ የተጻፈበት መኪና ፋታ ቢኖረውም ባይኖረውም ሳይታይ ከግቢ አይወጣም።

ግንቦት ነበር። ክረምቱ ሳይገባ የሮብ ገበያን መንገድ ጠጠር አልብሱ ተብሎ ካምፑ ይተራመሳል። አቶ ግርማ በሳምንቱ መጀመሪያ «እስከ ቅዳሜ አንድም ገልባጭ እንዳይቆም» ብለው አዘዋል። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሽ የሱፍ ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ደሳለኝ፣ እንዴት አደርህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሽ የሱፍ። ምን ልታዘዝ?»

«ፍሬኗን አልወደድሁላትም። ስረግጠው ወለሉ ድረስ ይወርድና ሁለቴ ሦስቴ ስደጋግመው ነው የሚይዝልኝ። ትላንት ባዶዋን ነበረች። ዛሬ ጭነት ይዤ ቁልቁል ልወርድ ነው።»

ዞር ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። ሰባት ቁጥር። ስልሳ አራተኛ ቀን።

«ገና ስድስት ቀን ፋታ አለዎት» አልሁ።

«ፋታውን እሷ አታውቀው፣ ልጄ። ጻፍልኝ።»

መሪጌታና ረዳቶቹ የግሬደር ሞተር አውርደው ወለሉ ላይ በትነዋል። ካርድ ብጽፍ ሰባት ቁጥር ትቆማለች፤ አቶ ግርማ ይመጣሉ፤ ለምን ቆመች ይላሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብሁት። እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አወረድሁት፤ መልሼም ሰካሁት።

«ጋሽ የሱፍ፣ ከጻፍሁት መኪናዋ ትቆማለች። የዚህን ሳምንት ነገር ያውቁታል። ሰኞ በጠዋት እኔው ራሴ አስገባልዎታለሁ። በደንቡም ገና አልዘገየችም።»

ወደ ሰሌዳው ተመለከቱ፤ ሊያነቡት የማይችሉትን ሰሌዳ።

«እዚያ ላይ ደህና ናት ይላል?»

«አዎን። ደህና ናት ይላል።»

«እንግዲህ የተማርኸው አንተ ነህ» አሉና ኮፍያቸውን ደፉ። «ቀስ ብዬ እነዳታለሁ።»

ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ጋቢና ሳይገቡ በፊት ከጎማው ሥር ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ተመለከቱ፤ ከዚያ ገቡ። መስኮቱን ከፍቼ «ይመለሱ!» ለማለት ጊዜ ነበረኝ። ሞተሯ እስኪሞቅ ብዙ ደቂቃ ቆማ ነበር።

ስድስት ሰዓት ከመሆኑ በፊት አንዲት ጂፕ ጡሩንባዋን እየነፋች ግቢ ገባች። የሠራተኞቹ ካቦ ከውስጧ ዘሎ ወረደ። ልብሱ አቧራ ነው፤ ፊቱ ላይ ደም አለ፤ የማን እንደሆነ አያስታውቅም።

«ሰባት ቁጥር ተገለበጠች» አለ። «ከድንጋይ ካባው ወረድ ብሎ፣ ከመታጠፊያው ላይ።»

አቶ ግርማ፣ መሪጌታና እኔ ብረት፣ ክሪክና ገመድ ጭነን ሄድን። መንገዱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ በልቤ «ስልሳ አራት፣ ስልሳ አራት» እያልሁ መቁጠሬን።

መኪናዋ ከገደሉ በተቃራኒ፣ ተራራው ላይ ተጋድማለች። በስተቀኝ ገደል ነው፤ በስተግራ የተቆረጠ የተራራ ግድግዳ። ጋሽ የሱፍ ፍሬኑ እምቢ ሲላቸው ማርሹን ወደ ታች ለመመለስ ታግለዋል፤ አልሆነም። ከዚያ መሪውን ወደ ግድግዳው አዞሩት። ያዞሩት በራሳቸው በኩል ነው፤ የሹፌሩ ወገን ግድግዳውን መትቶ ከሥር ሆኗል። ከጠጠሩ ላይ ተሳፍረው የነበሩት አራት የቀን ሠራተኞች ተወርውረዋል። ሦስቱ ቆስለው ተቀምጠዋል። አራተኛው ጋቢ ለብሷል፤ ጋቢው እስከ ራሱ ድረስ ተስቧል። አያሌው ይባላል። የሮብ ገበያ ገበሬ ነው፤ ክረምት እስኪገባ ብሎ ነው ቀን ሥራ የያዘው።

ጋሽ የሱፍ ጋቢናው ውስጥ ናቸው፤ በሕይወት። በሩ ተጨፍልቆ እግራቸውን ይዟል። እነመሪጌታ ብረቱን ሲፈለቅቁ እኔ በተሰበረው መስታወት በኩል ገብቼ ራሳቸውን ደገፍሁ። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ።

«ልጆቹስ?» አሉኝ። ከላይ ስለ ነበሩት ሠራተኞች ነው።

«ደህና ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አንባቢዎቼ፣ ከሁሉም የሚያሳፍረኝን አሁን ልንገራችሁ። እዚያ ተንበርክኬ፣ ደማቸው ሸሚዜን እያረጠበ፣ እንዳይሞቱ እጸልይ ነበር። አቶ ግርማ ጎንበስ ብለው «አይዞህ የሱፍ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብለው በጠየቁ ቁጥር ግን እንዳይናገሩ ፈራሁ። እንዳይሞቱ የፈራሁትን ያህል ፈራሁ። ጋሽ የሱፍ ግን ዓይናቸውን ገልጠው እኔን አዩ፣ አቶ ግርማን አዩ፤ «ፍሬን» ብቻ አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ማታ ሆስፒታል አደረስናቸው። በሦስተኛው ቀን ግራ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ።

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ሦስት መርማሪዎች መጡ። ከእኔ በፊት ሆስፒታል ሄደው ጋሽ የሱፍን ጠይቀው ነበር። ከዚያ አቶ ግርማ ቢሮ ተቀምጠው እኔን ጠሩኝ። መነጽር ያደረገው ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል።

«ሰባት ቁጥር ፍሬኗ መጨረሻ የታየው መቼ ነው?»

«አደጋው ከደረሰበት ቀን ስልሳ አራት ቀን በፊት።»

«የጊዜ ገደቡ ስልሳ አይደለም?»

«ከፋታው ጋር ሰባ ነው። በፋታዋ ውስጥ ነበረች።»

«አሥር ቀን በምን ተወሰነ?»

«በልምድ» አልሁ።

ጸሐፊው ጻፈው። በልምድ። ማንም «የማን ልምድ?» አላለኝም።

«ሹፌሩ» አለ መነጽረኛው ወረቀቱን ገልጦ፣ «ጠዋቱን ስለ ፍሬኑ ለቀጠሮ ጸሐፊው ነግሬው ነበር ብሏል።»

አቶ ግርማ ከጥግ ተቀምጠው ያዩኛል። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ድምፄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«በጽሑፍ የቀረበልኝ ነገር የለም።»

«ካርድ አልተሞላም?»

«ካርድ የለም።»

አልዋሸሁም፤ አይደል? ካርድ አልነበረም። ካርዱን የሚጽፍላቸው ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። መነጽረኛው አመስግኖ አሰናበተኝ። ደጅ ላይ መሪጌታ ቆሟል። ፊቴን አንድ ጊዜ አየና የሆነውን ሁሉ ያነበበ መሰለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ተለያየን ድረስ እግዜር ይስጥልኝ ተባብለን አናውቅም።

ውሳኔው በወሩ መጣ። ሹፌሩ ብልሽት መኖሩን እያወቀ በጽሑፍ ሳያሳውቅ መኪናውን በማሽከርከሩ ጥፋተኛ ነው፤ ከሥራ ይሰናበታል፣ መንጃ ፈቃዱ ይወሰዳል። ጥገናውን በሚመለከት፦ በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ የነበረ በመሆኑ በጋራዡ በኩል ጉድለት አልተገኘም። ያቺ «የተፈቀደው ጊዜ» የምትል ቃል እኔን አዳነችኝ። እኔው የፈቀድሁት፣ ከወንበሬ ሳልነሣ የጻፍሁት አሥር።

በዚያው ሰሞን የአያሌው ታላቅ ወንድም ከሮብ ገበያ መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ ገበሬ ነው። አቶ ግርማ አስቀመጡትና ደብዳቤውን አነበቡለት። ፋይሉን ያመጣሁት እኔ ስለ ነበርሁ እዚያው ቆሜያለሁ።

ሰውዬው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «እንግዲያስ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው?» አለ።

«መርማሪዎቹ ያሉት እንዲያ ነው» አሉ አቶ ግርማ።

«ስሙን ንገሩኝ።»

ነገሩት። ሰውዬው ስሙን እንዳይረሳ በአፉ ሁለት ጊዜ ደገመው። ወደ እኔ ዞሮም «አንተም ይህንኑ ታውቃለህ፣ ልጄ?» አለኝ። ለምን እኔን እንደ ጠየቀ አላውቅም፤ ምናልባት የተማርሁ መስዬው ይሆናል። ራሴን ነቀነቅሁለት። አንገቴን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር፤ አንድ ቃል እንኳ አላወጣሁም።

የአገር ሽማግሌዎች ገብተው ደም እንዳይፈስ ከለከሉ። ቂሙን ግን አላነሡትም። ጋሽ የሱፍ ማርቆስ ገበያ መውጣት እንደማይችሉ ገባቸው፤ ከሆስፒታል እንደ ወጡ አማኑኤል፣ ታናሽ ወንድማቸው ሱቅ ሄዱ።

አንድ ቀን አልቻልሁም። አቶ ግርማ ዘንድ ገብቼ «ጠዋት ነግረውኝ ነበር። ካርዱን አልጽፍም ያልሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ተነሥተው በሩን ዘጉት።

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «እስከ ቅዳሜ እንዳይቆም ያልሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ታዲያ ምን እናድርግ? ፋይሉ ተዘግቷል። ብትጽፈው የሱፍ እግር አይበቅልለት፣ አያሌው አይነሣ። ሁለታችን ብቻ ነን የምንጠፋው።»

ዝም ብትል ይሻላል የሚል ሰው ሳገኝ ቀለለኝ። ተቀበልሁት። ኋላ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ የእኛ ጋራዥ በጥገና ቀጠሮ አያያዝ ስለ ተመሰገነ የአሥር ቀኑ ደንብ ለሌሎቹ ካምፖችም ይተላለፍ፣ ያዘጋጀው ሠራተኛም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይዛወር የሚል። እኔ ነኝ ያዘጋጀው ሠራተኛ።

ከመሄዴ በፊት አውቶቡስ ተሳፍሬ አማኑኤል ወረድሁ። ጋሽ የሱፍ ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ክራንች ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ስኳር እየመዘኑ ነበር። ሲያዩኝ ሚዛኑን አስቀመጡ።

«መጣህ?» አሉኝ። ስጠብቅህ ነበር ያሉኝ መሰለኝ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «ተው፣ ሰው ያያል። ተቀመጥ።»

ሁሉን ነገርኋቸው። አሥርን ከየት እንዳመጣሁት፣ ለመርማሪዎቹ ያልሁትን፣ ለአያሌው ወንድም ራሴን መነቅነቄን። ስለ ራስ መነቅነቁ ሳወራ ብቻ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይቅር በሉኝ፣ አፉ በሉኝ» አልሁ።

«የእግሬን አፉ ብዬሃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ዱሮም ብዬሃለሁ። እኔም ፍሬኗን አውቄ ነው የነዳኋት፤ የእኔም ድርሻ አለ። የአያሌውን ግን እኔ አፉ ልልህ አልችልም፤ የእኔ አይደለም። ወንድሙ ሮብ ገበያ ነው ቤቱ። እኔ ልሄድ ብል ከደጁ አያስጠጋኝም። አንተ ሂድ። ነግሮኝ ነበር በለው። ሌላ አልፈልግም። ነግሮኝ ነበር፣ በለው።»

«እሺ» አልሁ።

«ወላሂ በል ብልህ ክርስቲያን ነህ። በማርያም በል።»

«በማርያም።»

«እንግዲያስ ሂድ። ደርሰህ ሳትነግረው ግን ወደዚህ አትምጣ።»

ማርቆስ ተመለስሁ። ሮብ ገበያ ሩቅ አይደለም። በማግስቱ የካምፑ መኪና ወደዚያ ትሄድ ነበር፤ ሹፌሩ «ትሄዳለህ ወይ?» ብሎኛል። ሰውዬው ምን ያደርገኝ ይሆን ብዬ አሰብሁ። ሹመቴንም አሰብሁ። ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ሁሉ ማሽን የሚታይበትን ቀን ስቆርጥ ኖርሁ። መንግሥት ተለወጠ፣ አለቃ ተለወጠ፤ የእኔ ሥራ ያው ነው። አሥሩን ቀን ለማስነሣት ዓመታት ፈጀብኝ፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ፋታ መንጠቅ እንዴት አስቸጋሪ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከእኔ ሥር የሠሩ ወጣቶች ግትር ነው ይሉኛል። ማንኛውንም ቁጥር ሲያመጡልኝ «ይህን ከየት አመጣኸው?» እላለሁ፤ ሸራውን ለክቼ የሚል እስካላገኝ አልፈርምም። መኪናው የሚናገረውን የሚሰማው ሹፌሩ ስለሆነ ሹፌር በቃሉ የነገራቸውን ሁሉ እንዲጽፉም አስገድዳቸዋለሁ። ይህን ሁሉ አደርጋለሁ። ለብዙ ሰው ጠቅሞ ይሆናል። ለጋሽ የሱፍ ግን አልጠቀማቸውም። እዚያው አማኑኤል እንዳረፉ የሰማሁት ከቀብራቸው ብዙ ቆይቶ ነው።

እናንተም በየሥራችሁ ለሰው ፋታ ስትሰጡ ለማን እንደምትሰጡት እዩ። እኔ ለወረቀቱ ነው የሰጠሁት።

ሮብ ገበያ ያላችሁ፣ ይህን ያነበባችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ የአያሌውን ወገን የምታውቁ፦ ሹፌሩን አትርገሙት። ነግሮኝ ነበር። ያልጻፍሁት እኔ ነኝ።